ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት

አይናዲስ በዚያን ቀን ጠዋት ወደ ስልጠናው አዳራሽ ስትገባ ትንሽ ኩራት ቢጤ ይዟት ነበር፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። አሥራ አንድ ዓመት በጋዜጠኝነት ስትኖር ስሟን አስታውሶ ሰላም የሚላት ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አሁን ግን ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከየክልሉ የመጡ ሃያ ሁለት ጋዜጠኞች ማስታወሻቸውን ገልጠው እሷን ይጠብቃሉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ርዕስ «የመልእክት መተግበሪያዎችን እንዴት እንመርምር» ይላል፤ በምሳሌነት የሚቀርበውም የራሷ ዘገባ ነው።

ዘገባውን ያላነበበ ሰው በአዳራሹ ውስጥ አልነበረም። ኅዳር ላይ ዘርዓብሩክ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ፎቶ አንሺ አፍንጮ በር ውስጥ በሰው ዱላ ሞቷል። ልጁ የተወለደበት ቤት ከፒያሳ ጀርባ ነበር፤ ሰፈሩ ፈርሶ ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ሲዛወር እናቱ እትዬ አስካለ፣ ለቤታችን አንድ ፎቶ እንኳ ሳናስቀርለት ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው የሌላ ሰው ቤት ሳይፈርስ ፎቶ ማንሳትን ሥራዬ ብሎ ያዘ። በዚያ ጠዋት አንድ የድሮ የእንጨት በረንዳ ሲያነሳ ደረጃው ላይ ሕፃናት ተቀምጠው ነበር። አንድ ሰው ከጀርባው ፎቶ አንስቶት የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈውና «ሕፃን የሚሰርቅ ሰው ገብቷል» ብሎ ጻፈበት። ሌላው «የሰፈር ልጆች ውጡ» አለ። የሰፈር ልጆችም ወጡ። ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም።

አይናዲስ የመረመረችው አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው? ሥራውን ያስተማረቻት ባልደረባዋ ኢልሀም ናት። ኢልሀም አንድ ሕግ አላት፤ መጀመሪያ ሰብስቢ፣ ከዚያ አስቢ ትላለች፤ በስልክ የተጻፈ ነገር ጠዋት ታይቶ ማታ ሊጠፋ ይችላልና። አይናዲስም ልጁ በሞተ ማግስት አፍንጮ በር ሄዳ የሰው ስልክ ስትለምን ዋለች። የጻፉት ሰዎች ደንግጠው ጽሑፋቸውን አጥፍተው አድረዋል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ግሩፑ ራሱ ድራሹ ጠፋ። በዚያች አንድ ቀን ውስጥ ግን ዘጠኝ ስክሪንሾት አገኘች።

ስምንቱን የሰጧት ጽሑፉ ሳይጠፋ በየስልካቸው ያስቀሩ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። በሁሉም ላይ ሰዓቱ አንድ ነው፤ ፎቶው የተለጠፈው 9:31፣ «ውጡ» የሚለው ጥሪ 9:38፣ ማለትም ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ስምንቱም የሚያበቁት በዚያ ጥሪ ላይ ነው። ዘጠነኛውን ያነሳችው ራሷ ናት፣ ከአንድ ሰዓት ጠጋኝ ስልክ ላይ። ሰውየው ጋሽ እሸቴ ይባላሉ፤ ጊዮርጊስ አጠገብ በአንዲት ጠባብ የመስታወት ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጠው ሰላሳ ስምንት ዓመት የሰው ሰዓት ጠግነዋል። ፖሊስ ሲደርስ ሬሳው አጠገብ ቆመው ነበር ሲሏት ነው የሄደችባቸው። ደንበኛ ቆሞባቸው ስለነበር ስልካቸውን ከፍተው ሰጧትና የፈለግሽውን ውሰጂ አሏት። እሳቸው የጻፉት አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ልጆቻችሁን አስገቡ»። ከጎኗ ያለው ሰዓት ደግሞ 3:42።

አይናዲስ እንደማንኛችንም ስልክ ላይ ያየችውን ሰዓት ወደ አበሻ ሰዓት መገልበጥ ለምዳለች፤ ስድስት ሰዓት ትመልሳለች፣ አለቀ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሁለት። ዘርዓብሩክ ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ካሜራውን ሳያነሳ፣ ሽማግሌው ልጆቻችሁን አስገቡ ብለው ሰፈሩን አስጠንቅቀዋል ማለት ነው። እንግዲያው ወሬው ድንገት አልተነሳም፤ ተጠንስሶ ነው ያደረው። ይህን ስታገኝ ጠረጴዛዋ ላይ ብቻዋን ነበረች፤ ደስ አላት። ዛሬ እንዲያ ደስ ማለቷን ስታስበው ፊቷን መሸፈን ያምራታል።

ለማረጋገጥ ደወለችላቸው፤ ንግግራቸውንም ቀዳችው። ከዚያ ዘገባው «ሳይነጋ የተጻፈ ክስ» በሚል ርዕስ ወጣ። የሰውየው ስም አልተጠራም፤ «ጊዮርጊስ አጠገብ ሰዓት የሚጠግኑ አዛውንት» ተባለ። በአራዳ እንዲህ ማለትና የመታወቂያ ቁጥር መጻፍ አንድ ነው። በማግስቱ ጋሽ እሸቴ ተያዙ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆይተው ማስረጃ አልበቃም ተብሎ ተለቀቁ፤ ሰው ግን አልለቀቃቸውም። የልጁ አርባ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲወጣ ሊያለቅሱ ሄደው ዘመዶቹ ከበር መለሷቸው። አንድን ሰው ለቅሶ እንዳይደርስ ከመከልከል የባሰ ቅጣት ሀገራችን ያላት አይመስለኝም። አይናዲስ ይህንንም ሰምታ ነበር፤ ያን ጊዜ ደግ አደረጉ አለች።

እንግዲህ በስልጠናው አዳራሽ ውስጥ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ አስረዳች። ምስል ሲሰጧችሁ ፎቶ አንስተው የላኩላችሁን ሳይሆን ዋናውን ፋይል ጠይቁ አለች። ሳትቆርጡ ጠርዝ ጠርዙን እዩ፤ ማዕዘን ላይ ያለችው ትንሽ ነገር መሐል ካለችው ትበልጣለች አለች። ይህን ስትል ዘጠነኛውን ስክሪንሾት ሳይቆረጥ፣ ሙሉውን፣ በግድግዳው ልክ አሳየች። ጋዜጣው ላይ የወጣው የጋሽ እሸቴ መስመር ብቻ ነበር። ከላይ ያለውን አንባቢን አይመለከትም ብላ እሷው ቆርጣ ጥላው ነበር፤ የአንዲት ዳቦ ሻጭ ማስታወቂያ ነው።

ከኋላ ወንበር ረሻድ የሚባል ከደሴ የመጣ ጋዜጠኛ እጁን አወጣ። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ሊያጠምዳት እንዳልጠየቀ ከፊቱ ያስታውቃል።

«እህቴ፣ እዚህ ሰፈር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ዳቦ ይሸጣል እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። አይናዲስም ሳቀችና ዞር ብላ ግድግዳውን አየች። «ኡሙሀኒ ዳቦ፦ ትኩስ ዳቦ ደርሷል፣ ሳያልቅ ኑ» ይላል። ሰዓቱ 1:05። ሌሊት የሚጋግር ዳቦ ቤት ይኖራል አለችና ወደሚቀጥለው ምስል አለፈች፤ ሳቋ ግን ከንፈሯ ላይ ደርቆ ቀረ። እረፍት ሲሉ ሁሉም ለሻይ ወጡ፣ እሷ መተላለፊያው ላይ ቆማ ስልክ ደወለች። ኡሙሀኒን ማግኘት አላስቸገረም፤ ቁጥሯ ከማስታወቂያው ሥር አለ። ግሩፑ እያለ ዳቦ ደርሷል ብላ የምትጽፈው ስንት ሰዓት እንደነበር ጠየቀቻት።

ኡሙሀኒ ጥያቄው አስገረማት። ዳቦው የሚደርሳት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ አራግፋ ሳትጨርስ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ ትጽፋለች፣ አራት ዓመት እንደዚያው ነው። ሌሊት ምን ልሠራ እጽፋለሁ፣ ጤነኛ ነኝ እኮ አለቻት።

አንድ ሰዓት ከአምስት። 1:05። አይናዲስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የሁሉም ሰው ስልክ የዚያን መልእክት ሰዓት 7:05 ማለት ነበረበት። የጋሽ እሸቴ ስልክ ግን 1:05 ይላል፤ አበሻ እንደሚቆጥረው። ስልኩ ከመጀመሪያው የሚናገረው ያገሩን ሰዓት ነበር፤ መገልበጥ አያስፈልገውም። 3:42 ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ነው። መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው አስቁማ ብትጠይቅ እንደዚያ ብሎ ያነብላት ነበር። አዋቂ መሆኗ ነው ያሳሳታት።

ስልጠናውን ለሌላ አሠልጣኝ ትታ በምኒልክ አደባባይ በኩል ወደ ዝግጅት ክፍሉ በእግሯ ሄደች። መንገዱ አጭር ነው፤ ግን በጋሽ እሸቴ ኪዮስክ በኩል ላለማለፍ ዞራ ሄደች። ኢልሀም ነገሩን ሰማች። ዋናውን ፋይል ከፍታ የምስሉን ላይኛ ጥግ አሳደገችው። ምስሉ በተነሳበት ደቂቃ የስልኩ ሰዓት 9:05 ይል ነበር።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነሳሽው?» አለቻት።

«ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ኢልሀም ጥጉን በጣቷ አሳየቻት። የማንኛችንም ስልክ በዚያ ሰዓት 3:05 ነው የሚለው። አይናዲስ ያን ዕለት ጥግ ላይ 9:05 አይታለች፤ በእርግጥም ዘጠኝ ሰዓት ስለነበር አልገረማትም። ጥጉን እንደ አበሻ፣ መሐሉን እንደ ፈረንጅ አነበበችው፤ ባንድ ምስል፣ ባንድ ዓይን። ኢልሀም የራሷን ስልክ አውጥታ ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ያለውን የከተማ ስም ከአዲስ አበባ ወደ ቦነስ አይረስ ቀየረችው። በቴሌግራሟ ላይ ያሉት መልእክቶች በሙሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄዱ።

ከዚያ የስልክ ንግግሩን ቅጂ ከፈቱት። የአይናዲስ ድምፅ ስልኩ ላይ ሦስት ከአርባ ሁለት ይላል፣ ልክ ነው ወይ ይላል። ልክ ነው፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ነው፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት ይላሉ ሽማግሌው። ለምን ጻፉት ትላለች። ልጆቹ እንዲገቡ ነዋ ይላሉ። ይህን ነው አምነዋል ብላ የጻፈችው። ኢልሀም ቅጂውን አቁማ መጀመሪያውን ደግማ አሰማቻት፤ አይናዲስ ለሦስተኛ ጊዜ መስማት አልቻለችም።

አሁን መልእክቶቹን በትክክለኛ ተራቸው በወረቀት ላይ ጻፉት። 9:31፣ ሕፃን የሚሰርቅ ሰው ገብቷል። 9:38፣ የሰፈር ልጆች ውጡ። 9:42፣ ልጆቻችሁን አስገቡ። አይናዲስ ሦስቱን መስመሮች ስታይ ያቺ «ልጆች» የምትል ቃል እጇ ላይ ተገለበጠች። ሽማግሌው የጻፉት ስለ ሕፃናት አልነበረም። ውጡ የተባሉትን ጎረምሶች አስገቡ ነው ያሉት፤ ልጆቻችሁን ያዙ፣ ሰው እንዳይገድሉባችሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ተዉ ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እሷ ገዳይ አድርጋ ያወጣችው እሱን ነው።

ዋና አዘጋጁ ነገሩን ሲሰማ ተጨነቀ፤ ጭንቀቱ ግን ለጋዜጣው ነበር። ስም አልጠራንም፣ ሰውየውም ተፈትተዋል፣ ከታች አንዲት አጭር ማስተካከያ እናስገባ አለ። አይናዲስ አብራው አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ በዚያን ቀን ግን ከፍ አደረገች። እርማቱ በሦስተኛው ቀን በዚያው የፊደል መጠን፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ በሚል ቃል፣ በራሷ ስም ወጣ። የመጀመሪያውን ዘገባ በቴሌግራም ቻናላቸው ላይ መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ ሰው አይቶታል። እርማቱን በሳምንቱ አራት ሺህ ሰው እንኳ አላየውም። ካዩትም ውስጥ ግማሾቹ ማን አስፈራርቷት ነው ብለው ጻፉ።

እርማቱ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ቀን ወደ ጋሽ እሸቴ ሄዳለች። ኪዮስካቸው ክፍት ነበር፣ ማጉያ መነጽራቸው ግን ግንባራቸው ላይ ተሰቅሎ እጃቸው ባዶ ነው። ዘገባው የወጣ ሰሞን ሰው ሰዓቱን ሳይጠገን እየመጣ ወስዶባቸዋል። ሲያይዋት አወቋት። አይናዲስ መንገድ ላይ መሆኗን ረስታ ወደ ጉልበታቸው ዝቅ ልትል ስትል፣ ቀና በይ፣ ሰው ያያል አሏት። ቆማ ነገረቻቸው። ሳያቋርጡ ሰሙ።

«ሰዓቱን ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ» አሏት ስትጨርስ።

«አዎ፣ ነግረውኛል። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

ስልኩን የገዛችላቸው ልጃቸው ናት። ሰዓቱን ያገራችንን አድርግልኝ ብለው ለስልክ ጠጋኝ ሰጡት፣ እሱም የማላውቀው ከተማ መርጦ አስተካከለልኝ አሉ። ሰዓት ጠጋኝ ሆኜ ስድስት ሰዓት የተሳሳተ ሰዓት በኪሴ ይዤ ልዞር ነው እንዴ አሉና ለቅጽበት ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም ነበር። በምርመራው ጊዜም ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ነው ብለው ተናግረዋል። መርማሪውም አዎ፣ ሦስት አርባ ሁለት ነው አላቸው። ሁለቱም በዚህ ተስማምተው ሽማግሌው ወደ ማረፊያ ቤት ተመለሱ።

«ፎቶው ላይ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው» አሏት። «ማን እንደሆነ አላወቅኩም። ውጡ ሲል ሳይ፣ ማንም ይሁን፣ ሰው ሊገድሉ ነው ብዬ እሷን መስመር ጻፍኩ። ጣቴ ለዚህ ስልክ አይታዘዝልኝም፤ ለሁለት ቃል አራት ደቂቃ ፈጀብኝ።»

ያን ጠዋት መስመሯን ጽፈው ኪዮስኩን ሳይቆልፉ ወጡ። የራስ መኮንንን ድልድይ ወርደው ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ጊዜ አጥር ተደግፈው ቆመዋል። አፍንጮ በር ሲገቡ ልጁ በግንባሩ ተደፍቷል፣ ሰውም ተበትኗል። ሲያገላብጡት ዘርዓብሩክ ነው። ክርስትና ሲነሳ ነበሩ፤ ፎቶ አንሺ ሆኖ የመጀመሪያ ደሞዙን ሲቀበል የአባቱን አሮጌ ሰዓት ለማስጠገን ያመጣው ለእሳቸው ነው። ይህን ሲነግሯት ዓይናቸው መንገዱ ላይ ነበር። አይናዲስ ማስታወሻዋን አላወጣችም።

እርማቱ ነገ ይወጣል አለቻቸው። ደግ ነው አሉ፣ እንደማይረባ ነገር። ሌላ ምን ላድርግ ስትላቸው ነው የሚፈልጉትን የተናገሩት። ሰፈሩ የፈለገውን ያስብ፣ ደንበኛም ቢመጣ ባይመጣ ግድ የለኝም፤ አስካለ ግን ትስማው አሉ። የወንድሜ ያህል የነበረ ሰው ሚስት ናት፣ የልጇ ገዳይ አድርጋ ታስበኛለች፣ እኔ በዚህ ላይ መሞት አልፈልግም። አይናዲስ የእትዬ አስካለ ስልክ አለኝ፣ አሁኑኑ ልደውልላቸው አለች።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሏት። «ይኼም ያው ነው። ሄደሽ፣ ፊቷ ቆመሽ ንገሪያት።»

ዘርዓብሩክ ሰማንያ ቀን የሞላው በሳምንቱ እሑድ ነው። እትዬ አስካለ ቤታቸው ከተማ ዳር ቢሆንም ደብራቸውን አልቀየሩም፤ ሰማንያውን ያወጡት እንደ አርባው ሁሉ በጊዮርጊስ አዳራሽ ነው። አይናዲስ ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ደረሰች። ጋሽ እሸቴም መጥተዋል፣ አዳራሹ ድረስ ግን አልገቡም። ከቅጽሩ በር ውጭ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አንዴ ተመልሻለሁ፣ ካልጠሩኝ አልገባም አሏት።

እትዬ አስካለ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶቹ አይናዲስን ሲያዩ ቦታ ለቀቁላት፤ የልጁን ነገር ያወጣችልን እሷ ናት ተባባሉ። ይህ ነው የከበዳት። እትዬ አስካለ ራሳቸው እጇን ይዘው አጠገባቸው ሊያስቀምጧት ሲሉ አልቀመጥም አለች። ተንበርክካ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ዘረጋች። ሦስቱ መስመሮች ከነሰዓታቸው በትልቁ ተጽፈዋል።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ዳቦ ሻጯን፣ የስልኩን ሰዓት፣ እሷ እንዴት እንደገለበጠችው፣ ኋላም ቅጂውን ስትሰማ የሆነችውን። አንድም ጊዜ ስልኩ ነው አላለችም፤ እኔ ነኝ አለች።  እትዬ አስካለ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ሦስተኛው መስመር ላይ አደረጉ።

«ልጆቻችሁ ያሉት እነዚያን ነው? የኔን ልጅ የገደሉትን?»

«አዎ፣ እትዬ። ያዟቸው፣ አታውጧቸው ማለታቸው ነበር።»

«ማን መሆኑን ሳያውቁ?»

«ሳያውቁ። ጀርባውን ብቻ ነው ያዩት።»

እትዬ አስካለ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ፣ ግን አላለቀሱም። ድምፃቸው ከነጠላው ሥር ወጣ። ልጃቸው ዘሩ በዚያ ጠዋት ደውሎላቸው ነበር፤ የመጨረሻው ነው። ጊዮርጊስ ጋ ታክሲ ወርጃለሁ አላቸው። ጋሽ እሸቴን መነጽር አድርገው ሲሠሩ አየኋቸው፣ ሥራ ላይ ስለሆኑ አልረበሽኳቸውም፣ ስመለስ ገብቼ ሰላም እላቸዋለሁ አላቸው። እትዬ አስካለ ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ዘገባው ከወጣ በኋላ ሲያስታውሱት ያንገበግባቸው ስለነበር ነው፤ ልጄ ሰላም ሊለው ያሰበው ገዳዩን ነው ብለው።

«አሁን የት ናቸው?» አሉ።

ከበሩ ውጭ ናቸው ስትላቸው እትዬ አስካለ ተነሱ። እህታቸው ልትደግፋቸው ስትል እጇን ገፉት። ባዶ እግራቸውን ግቢውን አቋርጠው ሲሄዱ አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ግማሹ ተነስቶ ተከተላቸው፣ አርባው ላይ ጋሽ እሸቴን ከበር የመለሱት ዘመዶችም አብረው። ከአርባው ጀምሮ እትዬ አስካለ ሰው ሳይዛቸው ሲራመዱ ያየ አልነበረም። አይናዲስ ከሁሉም ኋላ ነበረች።

ጋሽ እሸቴ የሚመጣውን ሰው ሲያዩ ከድንጋዩ ተነስተው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከተያዙ ጀምሮ ይህን ሰዓት ሲጠብቁ የሚናገሩትን አዘጋጅተው ይሆናል፤ እትዬ አስካለ ፊታቸው ሲቆሙ ግን ከዚያ ውስጥ አንድም አልመጣላቸውም። 

«ሮጬ ነበር፣ አስካለ» አሉ። «ሮጬ ነበር፤ አልደረስኩለትም።»

እትዬ አስካለ የኮታቸውን እጅጌ ያዙ።

«ዛሬ ደረሱ» አሉ። «ይግቡ።»

ጋሽ እሸቴ የቅጽሩን በር ሲያልፉ ነው ድምፃቸውን አውጥተው ያለቀሱት፣ ልጄን እያሉ፣ ሞቱ ዛሬ እንደተነገረው ሰው። ሴቶቹ ከአዳራሹ ውስጥ ለቅሶውን ተቀበሏቸው፤ ዘመዶቹ መንገድ ለቀቁ፣ አንደኛው ባርኔጣቸውን ያዘላቸው። አይናዲስ አልገባችም። ሽማግሌው የተነሱበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ማስታወሻዋን ጭኗ ላይ ከፍታ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ብላ ታሪኩን እንደገና መጻፍ ጀመረች።